የዓመቱ መለኪያ የማን ነው? ጊፋታና ልዩ ፍላጎት ያላቸው ሰዎች ቤተሰቦች በወላይታ

በወላይታ የአንድ ቤተሰብ ዓመት የሚታደሰው በመስከረም አጋማሽ በሚከበረው ጊፋታ ነው። በዓሉ ድንገት አይመጣም፤ አባወራው ለበሬ መግዣ ሲያዋጣ፣ እማወራዋ ቅቤ ስታጠራቅም ይከርማሉ። ዕዳ ይከፈላል፣ የተጣላ ይታረቃል፣ ወጣቱም በጭፈራው ላይ ለትዳር ይተያያል። በዚህም ቤተሰቡ በጎረቤት ፊት የዓመቱን ሒሳብ ያወራርዳል፤ ማን አደገ፣ ማን ለአቅመ ትዳር ደረሰ፣ ማን ጎጆ ወጣ ይባላል። የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት ልጅ ወይም እግሩ በፖዶኮኒዮሲስ ያበጠ ጎልማሳ ባለበት ቤት ግን ይህ ሒሳብ ሁልጊዜ ጎዶሎ ይወጣል። በእኔ እምነት እነዚህን ቤተሰቦች ከበዓሉ የሚያርቃቸው መለኪያው በእኩዮች ልክ ብቻ መሰፋቱ ነው፤ ሰው ከራሱ አምና ጋር ቢለካ ጊፋታ እነሱንም ይይዛል።

በወላይታ ዞን የእነዚህ ቤተሰቦች መገለል ጎልቶ የተጠናው በፖዶኮኒዮሲስ በኩል ነው። በተለምዶ ዝሆኔ ከሚባሉት አንዱ የሆነው ይህ በሽታ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ የሚመጣው በቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር ከመሄድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት ከወላይታ ነዋሪ 5.46 በመቶው እንደታመመ አሳይቷል። አበባየሁ ቶራና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ጥናት ደግሞ ታማሚዎች መገለልን ከሚቋቋሙባቸው መንገዶች አንዱ ራሳቸው ከሰው መራቅ ሆኖ ተገኝቷል። ስለ ልጆች ያለው ማስረጃ ከአዲስ አበባ ነው። የእድገት መዛባት ያለባቸውን ልጆች ከሚያሳድጉ 102 ሰዎች 45.1 በመቶው በልጃቸው ሁኔታ እንደሚያፍሩ፣ 26.7 በመቶው ሁኔታውን ለመደበቅ እንደሚጥሩ ተናግረዋል። ቁጥሩ እንዳለ ወደ ወላይታ አይዛወርም። ሆኖም የተጠየቁት ልጃቸውን ይዘው አገልግሎት ፍለጋ የወጡት ናቸው፤ ጭራሽ ያልወጡት በቁጥሩ ውስጥ የሉም።

ከራስ አምና ጋር መለካት ማባበያ አይደለም። በምሥራቅ ጎጃም ለ12 ወራት በተካሄደ የፖዶኮኒዮሲስ ሕክምና ሙከራ እግርን በሳሙና መታጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ ታማሚውን አልጋ ላይ የሚጥሉትን የትኩሳትና የሕመም ቀናት ቀንሷል። ከጊፋታ እስከ ጊፋታ ያለውም ይኸው አንድ ዓመት ነው። አምና በበዓሉ ማግስት የተኛ ሰው ዘንድሮ ቆሞ ሥጋ ሲያከፋፍል፣ ወይም አምና ከእንግዳ የሸሸች ልጅ ዘንድሮ ዳጣውን ስታቀርብ ምርቃት ይገባቸዋል።

ለድሃ ቤተሰብ የበዓል ወግ ቅንጦት ነው የሚል ይኖራል። ድህነቱ ግን ከመገለሉ ጋር የተጋመደ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 በታተመ ስሌት መሠረት ፖዶኮኒዮሲስ ያኔ 1.5 ሚሊዮን ሕዝብ በነበረው ዞን በዓመት ከ16 ሚሊዮን ዶላር በላይ ያከስር ነበር፤ ታማሚውም ከሥራ ቀኑ ግማሽ ያህሉን ያጣ ነበር። መሥራት ያልቻለ ለበሬው አያዋጣም፤ ያላዋጣ ሥጋ ሲከፈል ስሙ አይጠራም። በቤተሰቡ መዋጮ ውስጥ ድርሻው በስሙ ቢያዝለት የሚጨምር ወጪ የለም። ሕጉ ይበቃል ለሚሉም፣ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 23 ልጆች ከመደበቅ እንዲጠበቁ፣ በአንቀጽ 30 አካል ጉዳተኞች በባህል ሕይወት እንዲሳተፉ ይደነግጋል። ጥሩ ድንጋጌዎች ናቸው፤ ጓዳ ድረስ ግን አይዘልቁም። ጭፈራና ግርግር ኦቲዝም ያለበትን ልጅ ያስጨንቃል መባሉ እውነት ነው። ጊፋታ ግን አደባባይ ላይ ብቻ አይከበርም፤ ገበታውና ምርቃቱ ቤት ውስጥ ናቸው።

ሐሳቤ የሚሰናከለው ትዳር ላይ ነው። የፖዶኮኒዮሲስ ታማሚ ጤነኛ እህት የምትታጨው በጎረቤት ሚዛን ነው፤ የቤቱ ምርቃት እዚያ አይደርስም። በሽታው በዘር አይመጣም እያሉ ማስተማርም አያዋጣም። ፋሲል ተኮላና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2012 ያሳተሙት ጥናት ተጋላጭነቱ የዘር ድርሻ እንዳለው አሳይቷልና የአማቾች ስጋት ፈጽሞ መሠረት የለሽ አይደለም። ሊነገራቸው የሚገባው ቀሪው እውነት ነው፤ ተጋላጭነቱን የወረሰ ልጅም ከሕፃንነቱ ጀምሮ ጫማ ካልተለየው አይታመምም።