መጋቢት 21 ቀን 1960 እና እኛ ወንዶቹ

የተማሪው ንቅናቄ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚተረከው በድሎቹ ነው። በየካቲት 1957 ዓ.ም. «መሬት ላራሹ» ብሎ አደባባይ የወጣውን ሰልፍ ሁላችንም በኩራት እናነሳለን። መጋቢት 21 ቀን 1960 ዓ.ም. ስትነሳ ግን ወይ ዝም እንላለን፣ ወይ በሳቅ እናልፋታለን። ሂስና ግለ ሂስ እናምናለን ካልን ይህችን ዕለት መመርመር ግዴታችን ነው።

በዚያ ዕለት በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፣ በራስ መኮንን አዳራሽ፣ ሴት ተማሪዎች የተሳተፉበት የፋሽን ትርዒት ተዘጋጅቶ ነበር። ትርዒቱን የተቃወሙ ተማሪዎች በደጅ ተሰብስበው ወደ አዳራሹ የሚገቡትን ሰደቡ፣ ገፈተሩ፣ እጅም አነሱ። ፖሊስ ገባ፤ ተማሪዎች ታሰሩ፤ ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ። ከዚያ ወዲያ ጉዳዩ የመንግሥትና የተማሪው ግጭት ብቻ ሆነ። በደጅ የተዋረዱት ሴቶች ነገር ተረሳ።

የተቃውሞው ክርክር የታወቀ ነው። ሰፊው ሕዝብ በድህነት እየማቀቀ የባዕድ ልብስ ማሳየት የባህል ኢምፔሪያሊዝም መሣሪያ መሆን ነው ተባለ። ክርክሩ ፈጽሞ መሠረተ ቢስ አልነበረም። ነገር ግን የተቃዋሚው ኮትና ክራቫት የሸማኔ ሥራ ነበሩን? የወንዱ ሱሪ ሥልጣኔ ሲባል የሴቷ አጭር ቀሚስ ክህደት ሆነ። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለው ተረት በአዲስ ቋንቋ ተደገመ። ፊውዳሉ በወግ ስም ይለው የነበረውን ተራማጁ በፀረ ኢምፔሪያሊዝም ስም አለው።

ይህ የእኛ ብቻ ጠባይ አልነበረም። በታንዛኒያም የገዢው ፓርቲ የታኑ የወጣቶች ክንፍ በ1961 ዓ.ም. «ኦፕሬሽን ቪጃና» በሚል ዘመቻ በአጫጭር ቀሚሶች ላይ ተነሳ። እዚያም የአገር ክብር የተለካው በሴት ጉልበት ላይ ነበር።

«የዘመኑ ንቃት ያ ነበር» የሚሉ ጓዶች አሉ። ግን አምስት ዓመት ሳይሞላ፣ ኅዳር 29 ቀን 1965 ዓ.ም.፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድን አውሮፕላን ለመጥለፍ ከሞከሩት ሰባት ተማሪዎችና ታጋዮች መካከል ሁለቱ ሴቶች ነበሩ። አንዷ፣ የሕክምና ተማሪዋ ማርታ መብራህቱ፣ ከዋለልኝ መኮንን ጋር ተገደለች። የጠለፋው ትክክለኛነት ሌላ ክርክር ነው። ማርታን ግን ጀግና ብለናታል። የሞተችውን ጀግና ማለት አልከበደንም፤ የከበደን በሕይወት ያለችውን እኩል ማለት ነው።

ሌላው ማምለጫችን «የመደብ ጥያቄ ሲፈታ የሴቶች ጥያቄ አብሮ ይፈታል» የሚለው ነው። ታሪክ ምን ይላል? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 635 ባል የቤተሰቡ ራስ መሆኑን፣ ሚስትም ልትታዘዘው እንደሚገባ ይደነግግ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ፤ ባላባቱ ከርስቱ ተነቀለ። ቁጥር 635 ግን አልተነካም። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የተተካው በ1992 ዓ.ም. ነው። ባላባቱ ከወደቀ በኋላ የቤት ውስጡ ባላባት ሌላ 25 ዓመት በሕግ መጽሐፍ ላይ ኖረ ማለት ነው። ስለዚህ አብሮ አይፈታም፤ ለራሱ ትግል ይጠይቃል።

ትግሉ ከየት ይጀምር? ከእኛው ክፍል። በስደት ወጥ መሥራት ያልተማረ ወንድ በመካከላችን ጥቂት ነው። ነገር ግን አንዲት እህት ወደ ቤታችን ስትመጣ ወጡን ለእርሷ እንተዋለን። በስብሰባችን ሊቀ መንበሩ ወንድ ነው፤ ቃለ ጉባኤ የምትይዘውም ቡና የምታፈላውም እርሷ ናት። ባለፈው ዓመት በአንድ የጥናት ክበባችን አንዲት ጓድ ስለዚችው ዕለት ጽሑፍ ስታቀርብ፣ የመጀመሪያው አስተያየት የተሰነዘረው ስለ ቀሚሷ ነበር። እኛም ሳቅን። ከዚያ ወዲህ አልመጣችም።

ጓዶች! ያ ሳቅ በራስ መኮንን አዳራሽ ደጅ ከተሰማው ጩኸት ጋር አንድ ዘር ነው። ሊቀ መንበርነቱም፣ ቃለ ጉባኤውም፣ ጀበናውም በተራ ይሁን። ከዚያ በፊት ግን የሳቅነው ሰዎች ወደዚያች ጓድ ሄደን ይቅርታ እንጠይቅ፤ ጽሑፏንም እስከ መጨረሻው እናድምጥ።