ከጉባኤ አዳራሽ እስከ ማንግሮቭ ደን፦ የአቡ ዳቢና የአል ዓይን የተፈጥሮ መጎብኛ ስፍራዎች

አቡ ዳቢ — ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት በየአራት ዓመቱ የሚያካሂደው ጉባኤ እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 9 እስከ 15 ቀን 2025 በአቡ ዳቢ ብሔራዊ የኤግዚቢሽን ማዕከል ተካሂዷል። ከልዩ ልዩ አገሮች የመጡ ባለሙያዎች ስለ ዝርያዎች መጥፋት፣ ስለ ባሕርና ስለ በረሃ የመከሩበት ይህ አዳራሽ ከማንግሮቭ ደንና ከፍላሚንጎ ሐይቅ ብዙም አይርቅም። በአቡ ዳቢ የሚሰበሰብ እንግዳ ከውይይቱ መልስ ግማሽ ቀን ቢያገኝ፣ በወረቀት የሚከራከርበትን ጉዳይ በዓይኑ ሊያየው ይችላል።

ስፍራዎቹ ግን የጉባኤ እንግዶች ብቻ አይደሉም። በኤምሬቱ የሚኖርና የሚሠራ ማንኛውም ሰው በዕረፍት ቀኑ ሊደርስባቸው ይችላል። አብዛኞቹም ዛሬ የሚጎበኙት በአንድ ወቅት እንዲጠበቁ ውሳኔ ስለተላለፈላቸው ነው።

የማንግሮቭ ደን

ለከተማው ቅርብ የሆነው የባሕር ዳርቻ ጉብኝት የማንግሮቭ ደን ነው። በያስና በሳዲያት ደሴቶች መካከል በሚገኘው በጁበይል ደሴት ላይ ያለው የጁበይል ማንግሮቭ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ ለሕዝብ ተከፍቷል። ጎብኚው ከውሃው በላይ በተዘረጋ፣ እስከ 2 ኪሎ ሜትር በሚደርስ የእንጨት መተላለፊያ ላይ ሆኖ ሥሩን ሳይረግጥ ደኑን ያያል። በዚህም ሆነ በምሥራቅ ማንግሮቭ አካባቢ በካያክ ጀልባ እየቀዘፉ በዛፎቹ መካከል ማለፍም ይቻላል።

በአገሪቱ በተፈጥሮ የሚበቅለው ግራጫ ማንግሮቭ ይባላል። በጨው ውሃ ውስጥ ቆሞ የሚኖረው ትርፉን ጨው በቅጠሉ በኩል ስለሚያስወጣ ነው። ጭቃው አየር ስለሌለው ደግሞ እንደ እርሳስ ቀጥ ብለው ከመሬት የሚወጡ የመተንፈሻ ሥሮች አሉት። በእነዚህ ሥሮች መካከል ዓሦችና ሸርጣኖች ያድጋሉ፤ ጭቃውም ከፍተኛ መጠን ያለው ካርቦን አምቆ ይይዛል። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ድረስ 100 ሚሊዮን የማንግሮቭ ችግኞችን ለመትከል ማቀዷን በ2021 በግላስጎው በተካሄደው የአየር ንብረት ጉባኤ ይፋ አድርጋለች።

የአል ወትባ ፍላሚንጎዎች

ከአቡ ዳቢ ከተማ በስተ ደቡብ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው የአል ወትባ ረግረጋማ ጥብቅ ስፍራ 5 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሰፋል። ሐይቁ የተፈጠረው ተጣርቶ ከሚለቀቅ የከተማ ፍሳሽ ውሃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ፍላሚንጎዎች እዚህ እንቁላል ጥለው ጫጩት በመፈልፈላቸው፣ ሟቹ ሼክ ዛይድ ቢን ሱልጣን አል ናህያን ቦታው በሕግ እንዲጠበቅ አዘዙ። በ2013 ደግሞ ዓለም አቀፍ ጠቀሜታ ባላቸው ረግረጋማ መሬቶች የራምሳር ስምምነት መዝገብ ውስጥ ገባ። እስካሁን ከ250 በላይ የወፍ ዝርያዎች ተመዝግበውበታል።

ፍላሚንጎ በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች፣ በተለይም በአብጃታ፣ ላየው ኢትዮጵያዊ እንግዳ ወፍ አይደለም። ሮዝ ቀለሙ የሚመጣው ከምግቡ ነው፤ በአል ወትባ የሚመገበው በጨዋማው ውሃ ውስጥ የሚራቡትን ደቃቅ ሽሪምፖች ነው። ወፎቹን በብዛት ለማየት ተስማሚው ጊዜ ስደተኛ ወፎች የሚሰፍሩበት የክረምቱ ወራት፣ ማለትም ከኖቬምበር እስከ ማርች ያለው ወቅት ነው።

የባሕር ላምና የምዕራቡ ደሴቶች

ከአቡ ዳቢ በስተ ምዕራብ የሚገኘው የማራዋህ የባሕር ጥብቅ ስፍራ 4,255 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሸፍናል፤ እ.ኤ.አ. በ2007 በዩኔስኮ ባዮስፌር ሪዘርቭነት ተመዝግቧል። በሥፍራው ጥልቀት በሌለው ውሃ የሚበቅለውን የባሕር ሣር የሚግጠው ዱጎንግ፣ በሌላ ስሙ የባሕር ላም፣ ይኖራል። በአቡ ዳቢ ውሃዎች 3,000 ያህል እንደሚገኙ ይገመታል፤ ይህም ከአውስትራሊያ ቀጥሎ በዓለም ትልቁ ስብስብ ነው።

እንስቷ ዱጎንግ በአንድ ጊዜ አንድ ግልገል ብቻ የምትወልድ ሲሆን በሁለት ወሊዶች መካከል በርካታ ዓመታት ያልፋሉ። አየር ለመሳብ ወደ ላይ መውጣት ስላለባት፣ ባሕር ውስጥ ተጥሎ የቀረ መረብ ከያዛት ትሞታለች። ስለዚህ ጥቂት እንስሳት በመረብ ቢጠፉ እንኳ ጉዳቱን ለመተካት ረጅም ጊዜ ይወስዳል። ዱጎንግንና ስደተኛ አዳኝ ወፎችን ለመጠበቅ አገሮች የፈረሟቸውን ስምምነቶች የሚያስተባብረው የተባበሩት መንግሥታት ጽሕፈት ቤት ከ2009 ጀምሮ በአቡ ዳቢ ይሠራል።

ሙሉ ቀን ወይም ከዚያ በላይ ጊዜ ያለው ጎብኚ በአል ዳፍራ ክልል ወደሚገኘው የሰር ባኒ ያስ ደሴት በጀልባ ይሻገራል። 87 ካሬ ኪሎ ሜትር በሚሰፋው በዚህ ደሴት ሳላዎች፣ ሚዳቋዎች፣ ቀጭኔዎችና አቦ ሸማኔዎች በሰፊ ጥብቅ ክልል ውስጥ ይኖራሉ። በደሴቱ ላይ ከእስልምና መስፋፋት ዘመን አካባቢ የቆየ የክርስቲያን ገዳም ፍርስራሽም ይገኛል።

አል ዓይን፦ የሳላው ታሪክ

ከአቡ ዳቢ በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል ያህል የምትርቀው አል ዓይን የባሕር ዳርቻ የላትም። ሆኖም በዛፎቿና በእንስሳቷ የጉብኝቱ ሁለተኛ ክፍል ናት። የአል ዓይን ባሕላዊ ስፍራዎች በ2011 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ከእነርሱ አንዱ የሆነው የአል ዓይን ኦሲስ 1,200 ሄክታር ላይ ከ147,000 በላይ የተምር ዛፎችን ይዟል። ዛፎቹ ፈለጅ በተባለው ጥንታዊ የመስኖ ቦይ ይጠጣሉ፤ የኦሲሱ መግቢያም ነፃ ነው።

በጀበል ሐፊት ተራራ ግርጌ የሚገኘው የአል ዓይን መካነ እንስሳት በ1968 በሼክ ዛይድ ተመሠረተ። በአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ የሚታየው የሳላ ዘመድ የሆነው ነጩ የዓረብ ሳላ በዚህ ይታያል። የመጨረሻው የዱር የዓረብ ሳላ በ1972 በኦማን በረሃ ተገድሎ ዝርያው ከዱር ጠፍቶ ነበር። ተይዘው በጥበቃ ሥር እንዲራቡ የተደረጉት ጥቂቶች ግን ዝርያውን አተረፉ፤ ወደ በረሃም ተመለሱ። በ2011 የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረቱ የዓረብ ሳላን የአደጋ ደረጃ ዝቅ አድርጓል።

ልምዱ ወደ አፍሪካም ተሻግሯል። ከዱር የጠፋው ባለ ጎራዴ ቀንድ ሳላ በአቡ ዳቢ የአካባቢ ኤጀንሲና በቻድ መንግሥት ትብብር ከ2016 ጀምሮ ወደ ቻድ ተመልሷል፤ በ2023ም ከዱር ጠፉ ከተባሉት ዝርዝር ወጥቷል።

ለጎብኚዎች

ለሁሉም ስፍራዎች ተስማሚው ጊዜ ከኖቬምበር እስከ ማርች ነው። በማንግሮቭ በካያክ ለመጓዝ ያሰበ ሰው ባሕሩ የሚሞላበትንና የሚጎድልበትን ሰዓት አስቀድሞ ይጠይቅ፤ ውሃው ሲጎድል ጀልባው ጭቃ ላይ ይቀራል። የአል ወትባ ጥብቅ ስፍራ የጉብኝት ቀናትና ሰዓታት ስለተወሰኑ ከጉዞ በፊት ማረጋገጥ ይገባል። ወደ አል ዓይን ከአቡ ዳቢ ዋና አውቶቡስ ጣቢያ አውቶቡስ አለ። ኮፍያ፣ የመጠጥ ውሃና ሩቅ ማሳያ መነጽር መያዝ ይጠቅማል። እንስሳትን መመገብ፣ ወደ ወፎች ጎጆ መቅረብና ከተዘጋጀው መንገድ መውጣት የተከለከለ ነው።