የንግድ ምልክት መብትና የዶሜይን ስም

የዶሜይን ስም ድረ ገጽ በኢንተርኔት የሚገኝበት አድራሻ ነው። የንግድ ምልክት ደግሞ የአንዱን ነጋዴ ዕቃ ወይም አገልግሎት ከሌላው ይለያል። ሁለቱ የሚመዘገቡት በተለያየ መዝገብ ስለሆነ መጋጨታቸው አይቀርም። ነጥብ ኮምን የመሰለ አድራሻ ቀድሞ ለጠየቀ ይሰጣል፤ የስሙ ባለቤት ማን እንደሆነ ጠይቆ የሚያጣራ የለም።

በኢትዮጵያ የንግድ ምልክት የሚገዛው በአዋጅ ቁጥር 501/1998 ነው። ባለቤትነት የሚገኘው በአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን በማስመዝገብ ሲሆን ለ7 ዓመት ይጸናል፤ በየ7 ዓመቱም ይታደሳል። ብዙ ነጋዴ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ በንግድ ፈቃድ ላይ የሰፈረ የንግድ ስም የንግድ ምልክት አይደለም። በሰሜን ወሎ መርሳ ላይ ማንጎ አሽጎ ለገበያ የሚያወጣ ሰው ቢኖር፣ ካርቶኑ ላይ «የመርሳ ማንጎ» ብሎ መጻፉ ብቻውን አያዋጣውም። አዋጁ የዕቃውን ዓይነትና የመጣበትን ቦታ ብቻ የሚናገር ምልክት አይመዘግብም። የራሱ የሆነ መለያ ቃል ካልጨመረ አድራሻውን ሌላ ሰው ቢወስድበት መከራከሪያ ያጣል።

ስም ቀድሞ ይዞ ለባለቤቱ መልሶ መሸጥ የተለመደ ንግድ ሆኖ ነበር። ይህን ለመከላከል የኢንተርኔት አድራሻዎችን ሥርዓት የሚያስተባብረው አይካን በ1999 እ.ኤ.አ. የክርክር ደንብ አወጣ። አቤት ባዩ ሦስት ነገር ያስረዳል፦ ስሙ ከምልክቱ ጋር አንድ ወይም አሳሳች ተመሳሳይ መሆኑን፣ ያዡ በስሙ መብት እንደሌለው፣ አመዘጋገቡም አጠቃቀሙም በክፉ ልብ መሆኑን። በደንቡ መጀመሪያ የተወሰነው ክስ የአሜሪካው የነጻ ትግል ድርጅት ያቀረበው ነው፤ ያዡ አድራሻውን በ1,000 ዶላር ልሽጥላችሁ ብሎ ነበር፣ ተፈረደበት። ካሳ ግን የለም፤ ስሙ ይዛወራል ወይም ይሰረዛል። በዓለም አእምሯዊ ንብረት ድርጅት ፊት በአንድ ዳኛ ለመከራከር ክፍያው 1,500 ዶላር ነው። ለመርሳው ነጋዴ አድራሻውን አስቀድሞ ማስመዝገቡ በብዙ ይረክስለታል። ነጥብ ኢቲን በመሰለ የአገር አድራሻ ላይ ይህ ደንብ የሚሠራው የአገሩ መዝጋቢ ከተቀበለው ብቻ ነው። የእኛን የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ነው።

ለሰሜን ወሎ አካባቢ ዋናው ጣጣ የፊደል ነው። ወልድያ በላቲን ሲጻፍ ከ«ደብልዩ» ቀጥሎ አንዱ «ኦ»፣ ሌላው «ኢ»፣ ሌላው «ኤ» ያስገባል፤ አንዱን ያስመዘገበ የቀሩትን ለሌላ ይተዋል። አጭር ስምም ቢሆን ይጣበባል። በዩኒቨርሲቲዎች አድራሻ ከኢዲዩ ነጥብ ኢቲ በፊት «ደብልዩ-ዩ»ን የያዘው ወሎ ዩኒቨርሲቲ ነው፣ «ደብልዩ-ኬ-ዩ»ን ወልቂጤ፤ የወልድያ «ደብልዩ-ኤል-ዲ-ዩ» ሆኗል።

በግዕዝ ፊደል ቢሆንስ? አይካን በ2017 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያን ፊደል በአድራሻ መጨረሻ በሚገቡ ስሞች ደንብ ውስጥ አካትቷል። መርሳ ያለችበትን ወረዳ ሀብሩን አንዱ በሃሌታው «ሀ»፣ ሌላው በሐመሩ «ሐ» ይጽፈዋል። ደንቡ እንዲህ ያሉ ሞክሼ ፊደላትን እንደ አንድ ስለሚቆጥር ሁለቱ ለሁለት ሰው አይሰጡም። ከነጥቡ በስተግራ ላለው ስም ግን ውሳኔው የየመዝጋቢው ነው።