ቢምቢና በሽታ በዋሽንግተን ግዛት ጠረፍ

ሲያትል የምትገኝበትን የአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት የካስኬድ ተራሮች ለሁለት ይከፍሉታል። ምዕራቡ ደመናማ፣ ቀዝቃዛና ዝናባማ ነው፤ በፓስፊክ ጠረፍ አቅራቢያ ያለችው ፎርክስ በዓመት 3,000 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ታገኛለች። ከተራሮቹ ማዶ ያለችው ያኪማ የሚደርሳት 200 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ቢምቢ የሚያስተላልፈው በሽታ ግን የሚበረታው በደረቁ በኩል ነው።

ምክንያቱ ዝናብና ሙቀት አለመገጣጠማቸው ነው። ጠረፉ የሚርሰው በአብዛኛው ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ፣ በብርዱ ወራት ሲሆን፣ ሙቀቱ ሻል በሚልበት በሐምሌና በነሐሴ ዝናቡ ይጠፋል። የአካባቢው ዋነኛ ስጋት የሆነው የዌስት ናይል ቫይረስ ከ14 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች በቢምቢዋ ሰውነት ውስጥ መራባት ይሳነዋል፤ የፎርክስ የሐምሌ ሌሊቶች ደግሞ ከዚያ ይቀዘቅዛሉ። የኢትዮጵያን ደጋ ከወባ የሚጠብቀውም ብርዱ ነው። በቆላው ግን ክረምቱ ሲወጣ ሙቀት ስለሚከተል ወባ ከመስከረም እስከ ኅዳር ያይላል።

ቢምቢውማ በጠረፉም ሞልቷል፤ በግዛቱ ከ40 በላይ ዝርያዎች ይታወቃሉ። ኤዴስ ዶርሳሊስ በጨዋማ ረግረግ፣ ኤዴስ ሲየረንሲስ በዛፍ ፍልፍል በተጠራቀመ ውሃ ይራባሉ። ሁለተኛዋ የውሻ ልብ ትል ታስተላልፋለች፤ ለሰው ግን ከማሳከክ ያለፈ ጉዳቷ ጥቂት ነው።

በያኪማ በኩል የመስኖ ውሃ የዌስት ናይል ቫይረስን ለምታስተላልፈው ለኩሌክስ ታርሳሊስ ቢምቢ መራቢያ ይሆናል፣ ቫይረሱንም የበጋው ሐሩር ያግዘዋል። ቫይረሱ በግዛቱ እ.ኤ.አ. በ2002 ተገኘ፤ እዚያው የተያዙ የመጀመሪያዎቹ ሰዎች በ2006 ታወቁ፤ በ2009 ደግሞ 38 ሰዎች ታመሙ። ከሚያዙት 10 ሰዎች 8ቱ ምንም ምልክት አያዩም፤ ከ150 አንዱ ገደማ አንጎሉ ወይም ኅብለ ሰረሰሩ ይጠቃል። ለፈረስ ክትባት አለ፣ ለሰው የለም።

ምዕራቡ ሁልጊዜ ከአደጋ ነጻ ነበር ማለት ግን ስሕተት ነው። ከውቅያኖሱ ገባ ብሎ፣ በኮሎምቢያ ወንዝ ዳር ባለው ፎርት ቫንኩቨር ዙሪያ እ.ኤ.አ. በ1830 የተነሣው የሚያንዘፈዝፍ ትኩሳት የቺኑክና የካላፑያ ሕዝቦችን መንደሮች ባዶ አስቀርቷል። ብዙ ተመራማሪዎች ወባ ነበር ይላሉ፤ ለማስተላለፍ የምትችለው አኖፌሌስ ፍሪቦርኒ ዛሬም በአካባቢው አለች።

አሁን በሲያትል ሐኪም ቤቶች የሚታየው ወባ በአብዛኛው ከጉዞ የሚመጣ ነው። ዘመድ ጠይቀው የሚመለሱ ኢትዮጵያውያን በተለይ ይጋለጣሉ፤ ለዓመታት ከወባማ አገር የራቀ ሰው የልጅነት መከላከያው ይዳከማልና። ፕላስሞዲየም ቫይቫክስ የተባለው ዓይነት ደግሞ በጉበት ተደብቆ ከወራት በኋላ ሊያገረሽ ስለሚችል፣ ታማሚው ትኩሳቱን ከጉዞው ጋር ላያያይዘው ይችላል።