ሞተር አልነሣ ሲል፦ ስለ ሞተሪኖ ታሪክና ስለ መንስኤ ፍለጋ



የዛሬው ርእሴ ለታሪክ ትምህርት ክፍል እንግዳ ሳይመስላችሁ አልቀረም። ቁልፉ ዞሮ ሞተሩ አልነሣ ሲል መንስኤውን መፈለግ የመካኒክ እንጂ የታሪክ ጸሐፊ ሥራ አይደለም ይባል ይሆናል። እኔ ግን ሁለቱ ሙያዎች አንድ ችግር ይጋራሉ ባይ ነኝ። ሁለቱም በእጃቸው ያለው ውጤቱ ነው፤ መንስኤውን ከውጤቱ ተነሥተው ወደ ኋላ መፈለግ ግድ ይላቸዋል።

በ1900 ዓ.ም. ቤዴ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ለዐፄ ምኒልክ ሲድሌይ መኪና ይዞ አዲስ አበባ በገባ ጊዜ፣ በየትም አገር የቤንዚን ሞተር በአመዛኙ የሚነሣው በእጅ ነበር። ከሞተሩ ፊት የብረት መዘወሪያ ይሰካና በጉልበት ይዞራል። ብልጭታው ጊዜውን ቀድሞ ከተለኮሰ ሞተሩ ወደ ኋላ ይመታል፤ መዘወሪያውም የያዘውን እጅ ይሰብራል። አደጋው ከመዘውተሩ የተነሣ በአጥንት ሕክምና አንድ ዓይነት የእጅ አንጓ ስብራት እስከ ዛሬ «የሾፌር ስብራት» ይባላል።

ይህን መዘወሪያ ያስቀረው አሜሪካዊው መሐንዲስ ቻርልስ ኬተሪንግ ነው። ስለ ፈጠራው አነሣሥ የሚነገረው ታሪክ ልብ ይነካል። ባይረን ካርተር የተባለ የመኪና ሠሪ መኪናዋ መንገድ ላይ የቆመችባትን ሴት ሊረዳ መዘወሪያውን ሲያዞር መንጋጋው ተሰበረ፤ በዚያው ሰበብ ሞተ፤ ወዳጁ የነበረው የካዲላክ ኃላፊ ሄንሪ ሊላንድም በሐዘን ተነሣሥቶ ኬተሪንግን አስጠራ ይባላል። ብዙዎች ነገሩ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1910 ክረምት ነው ብለው ይተርኩታል። ካርተር ግን የሞተው በ1908 ነው። ይህ ብቻውን ካርተር አልተጎዳም አያሰኝም፤ ሐዘንና ትእዛዝ በአንድ ክረምት ተከታትለው መጡ የሚለውን ሰንሰለት ግን ይበጥሰዋል። በሌላ በኩል ኬተሪንግ ለካዲላክ እንግዳ አልነበረም፤ ለ1910 ሞዴል የብልጭታ ሥርዓቱን የሠራለት እርሱ ነው። ከለቅሶው ይልቅ ይህ የሥራ ግንኙነት የበለጠ ያስረዳኛል፤ ለተረት ግን አይመችም።

ከዚያ በፊት ኬተሪንግ በዴይተን ከተማ የገንዘብ መመዝገቢያ ማሽን በኤሌክትሪክ እንዲሠራ ያደረገ ሰው ነው። በዘመኑ የነበረው ክርክር፣ ሞተር ማዞር የሚችል የኤሌክትሪክ ሞተር እጅግ ትልቅ መሆን አለበት የሚል ነበር። ክርክሩ ትክክል የሚሆነው ግን ያ ሞተር ቀኑን ሙሉ የሚሠራ ከሆነ ነው። ለጥቂት ሰኮንዶች ብቻ ከሆነ፣ ትንሽ ሞተር ከዐቅሙ በላይ ኮረንቲ ተሰጥቶት ሳይቃጠል ሥራውን ይጨርሳል። የ1912 ካዲላክ በዚህ ሐሳብ ለገበያ ቀረበ። ፎርድ ሞዴል ቲ በ1919 ተከተለ። በዚያ ዘመን በከተሞች ይሸጡ የነበሩት የባትሪ መኪኖችም ከትልልቅ ብልጫዎቻቸው አንዱን፣ ያለ መዘወሪያ መነሣትን፣ በዚህ አጡ።

ሆኖም መፍትሔው በሽታውንም ይዞ መጣ። ሥርዓቱ የቆመው ለአጭር ጊዜ በሚፈስ ከባድ ኮረንቲ ላይ በመሆኑ፣ በመንገዱ ያለች ጥቂት ዝገት ሁሉን ታሰናክላለች። በባለ 12 ቮልት መኪና 100 አምፔር ሲፈስ አንድ የላላ ማያያዣ 1 ቮልት ያስቀራል እንበል፤ የጠፋው ከዐሥራ ሁለት አንዱ እጅ ነው። በባለ 6 ቮልት መኪና ያንኑ ጉልበት ለማግኘት 200 አምፔር ያስፈልጋል፤ ያው ማያያዣ 2 ቮልት ያስቀራል፤ የጠፋውም ከሦስት አንዱ እጅ ይሆናል። አሮጌ መኪና «ሰነፍ» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ስሌት ነው።

በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ዛሬም የምናያትን ቮልስዋገን እንውሰድ። ለአሜሪካ ገበያ እስከ 1966 ሞዴል በ6 ቮልት ትሠራ ነበር። ባትሪዋ ከኋላ ወንበር ሥር ነው፤ ሞተሪኖዋም ከኋላ ነው። ቁልፉ ግን ከሾፌሩ ፊት ስለሆነ፣ ትእዛዙን የሚወስደው ቀጭን ሽቦ ከፊት እስከ ኋላ ይሄዳል። ዓመታት ሲያልፉ ይህ ሽቦና የቁልፉ መገናኛ ይደክማሉ፤ በተለይ ሞተሩ ሲግል ቁልፉ ሲዞር «ቀጭ» የሚል ድምፅ ብቻ ይሰማል። በዚህ ጊዜ ሞተሪኖውን መቀየር ከንቱ ወጪ ነው፤ ለትእዛዙ በአጭር መንገድ ኮረንቲ የሚያደርስ አንዲት ሪሌ ትበቃለች።

የራሴ መኪና ቮልስዋገን ናት። አልነሣ ባለችኝ ጊዜ አንድ ጋራዥ በመጀመሪያ ባትሪ፣ ቀጥሎ ሞተሪኖ አስቀየረኝ፤ ለውጥ አልመጣም። በሌላ ሰፈር ያገኘኋቸው አረጋዊ ባለሙያ ምንም ሳይፈቱ፣ «መብራቱን ያብሩና ቁልፉን ያዙሩ» አሉኝ። መብራቱ ክፉኛ ፈዝዞ ቢሆን ወደ ባትሪውና ወደ ማያያዣዎቹ ያመሩ ነበር፤ ጨርሶ ባይደበዝዝ ደግሞ ኮረንቲው ከሞተሪኖው አልደረሰም ማለት ነው። የእኔው አልፈዘዘም። ከዚያ ቮልት መለኪያውን አንድ ጫፍ በባትሪው ነጌቲቭ ራስ፣ ሌላውን በሞተሩ ብረት ላይ አኖሩና ቁልፉን ድጋሚ አዞርኩ። ዜሮ አጠገብ መሆን የነበረበት ቍጥር ብዙ ቮልት አሳየ። ካምቢዮውን ከመኪናው አካል ጋር የሚያያይዘው የተሸረበ ሽቦ በዝገት ተበልቶ ነበር።

ከባለሙያው ያገኘሁት ዋና ነገር የመለኪያው ሰዓት ነው። ሥራ የፈታ ባትሪ 12.6 ቮልት አሳይቶ፣ ጭነት ሲመጣበት ሊወድቅ ይችላል። ሥራ የፈታ ሽቦም ሁሉ ጤነኛ ነው። የአስተዳደር ሰነድም እንዲሁ ነው፦ አንድ መሥሪያ ቤት በሰላም ቀን የጻፈው ደንብ ምን ያህል እንደሚይዝ የሚታወቀው በረኃብ ወይም በጦርነት ዓመት ከተላለፉት ደብዳቤዎች ነው።

እኚህ ባለሙያ የተናገሩት ቋንቋም ምንጭ ነው። ሞተሪኖ፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ኮረንቲ፤ እነዚህ ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። ሪሌና ቴስተር ኋላ ከእንግሊዝኛ ገቡ። ቃላቱ እንደ አፈር ንብርብር ተደራርበው ማን ምን ሙያ መቼ ይዞ እንደመጣ ይጠቁማሉ። በቤተ መዛግብታችን የመኪና ማስገቢያ ፈቃድ ይገኝ ይሆናል፤ መካኒኩ ግን ሥራውን በጆሮና በእጅ ስለተማረ እምብዛም አልጻፈም።

ጊዜውም አጭር ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተወሰነ። የውሳኔውን ተገቢነት ለምጣኔ ሀብት ባለሙያዎች እተዋለሁ። ኬተሪንግ ያሸነፋቸው የባትሪ መኪኖች ከመቶ ዓመት በኋላ ተመልሰው ሲመጡ፣ ሞተሪኖ የሚባል ዕቃ የላቸውም። ስለዚህ ለሁለተኛ ዲግሪ የመመረቂያ ርእስ ፍለጋ ቢሮዬ ለምትመጡ ተማሪዎች የምለው አለኝ፦ ድምፅ መቅጃችሁን ይዛችሁ ወደ ጋራዦቹ ሂዱ፤ ከሰባ ዓመት በላይ የሆናቸውን አስቀድሙ፤ ጥያቄያችሁንም መኪናው ተከፍቶ፣ እጃቸው ሥራ ላይ ሳለ ጠይቋቸው።

 አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።