በሴንቲሜትር የተለካ ዜማ

ዜማ በብራና ላይ ምልክት የሚደረግለት፣ ያዜመው ሰው በሞት ባለፈ ጊዜ ሌላ ባለ ድምፅ ተነሥቶ ያንኑ እያየ እንዲያዜመው መሆኑን የድጓ ሊቃውንት ከማንም ይልቅ ያውቁታል፤ ስለዚህም ዘማሪም ደርዳሪም የማያሻው፣ ከኤሌክትሪክ ተወልዶ በቴፕ ክር ላይ ተፈጽሞ የሚቀር ሙዚቃ በተገለጠ ጊዜ፣ የዚህስ ጽሕፈት ለማን ይጠቅማል የሚል ጥያቄ አብሮት ተወለደ።

በጀርመን አገር በኮሎኝ ከተማ፣ በ1951 (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) በሬዲዮ ጣቢያው ውስጥ የተመሠረተና ኸርበርት አይመርት ይመራው የነበረ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ስቱዲዮ ነበር። ገና ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ካርልሃይንዝ ሽቶክሃውዘን በ1954 «ስቱዲ 2» የተባለውን፣ ሦስት ደቂቃ ያህል ብቻ የሚፈጀውን ድርሰት የደረሰው በዚያ ነው። የደቂቃዎቹን ማነስ አይቶ ሥራውን የሚያቃልል ሰው ድካሙን አላወቀም። ሽቶክሃውዘን የፒያኖን እርከን ትቶ፣ ከ100 ሄርዝ ተነሥተው እስከ 17,200 ሄርዝ ገደማ የሚደርሱ 81 ድምፆችን፣ ሃያ አምስት እርከን በተወጣ ቍጥር ሄርዙ አምስት እጥፍ እንዲሆን አድርጎ ቀመረ፤ ከእነዚህም አምስት አምስቱን ለየብቻ ቀድቶ፣ ክሩን በመቀስ ቈርጦ ቀጣጥሎ፣ ድምፁን በሚያስተጋባ ባዶ ክፍል ውስጥ ካሰማ በኋላ፣ ከግድግዳው የተመለሰውን ማሚቶ መልሶ በመቅዳት 193 ቅልቅሎችን አዘጋጀ።

በ1956 የታተመው የድርሰቱ የኖታ ጽሑፍ፣ ከኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ የኖታ ጽሑፎች ለኅትመት የበቃው የመጀመሪያው ነው ይባልለታል። በአምስቱ መስመሮች ላይ ኖታ ማንበብ የለመደ ሰው ቢገልጠው፣ ከላይ የድምፁን ቅጥነትና ውፍረት የሚያሳዩ አራት ማዕዘኖችን፣ ከታች የድምፁን ኀይል በዴሲቤል የሚለኩ መስመሮችን፣ በመካከላቸውም የሴንቲሜትር ቍጥሮችን ያገኛል፤ ጊዜው የተሰፈረው በቴፕ ርዝመት ስለሆነ 76.2 ሴንቲሜትር አንድ ሰከንድ ነውና። ይህ ጽሑፍ ለጉሮሮ ሳይሆን ለእጅ የተጻፈ ነው፤ መሣሪያው ያለው ብልህ ሠራተኛ ትእዛዙን እየተከተለ ድርሰቱን እንደ አዲስ ሊያበጀው ይችላል፤ ኮምፒውተር ከመጣ ወዲህም በእርግጥ እንዲሁ ያደረጉ ሰዎች አሉ።

የጆርጅ ሊጌቲ «አርቲኩላሲዮን» ታሪክ ግን ከዚህ ተቃራኒ ነው። ከሃንጋሪ ተሰድዶ የመጣው ይህ ሰው በዚያው ስቱዲዮ በ1958 ድርሰቱን በፈጸመ ጊዜ ሕዝብ የሰማው ድምፁን ብቻ ሲሆን፣ ዛሬ ዓለም የሚያደንቀውን ባለ ኅብረ ቀለም ጽሑፍ ራይነር ዌሂንገር ያወጣው ከ12 ዓመት በኋላ በ1970 ነው። ድምፅ ቀድሞ ምልክት መከተሉ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም፤ የቅዱስ ያሬድ ዜማ በቃል ሲወርድ ሲዋረድ ኖሮ፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ምልክት እንደ ሠሩለት ይተረካል። ነገር ግን የድጓው ምልክት ከመምህሩ አፍ ለተማረ ደቀ መዝሙር ማስታወሻ ነው፤ ያለ መምህር ዝም ይላል። ዌሂንገር ነጥቡንና ማበጠሪያ መሳዩን ቅርጽ በልዩ ልዩ ቀለም ያኖረው፣ ቴፑ በሚዞርበት ጊዜ፣ ከግርጌ በሰከንድ የተከፈለውን መስመር እየተከተለ ዓይኑን ወደ ቀኝ ለሚያራምድ፣ አንዳች ነገር ለማይዘምር ሰሚ ነው።