የስንዴ ዝርያዎች ችግር ያለበትን አፈር የመቋቋም ብቃት ግምገማ በምዕራብ ጎጃም

የስንዴ ዝርያዎች ችግር ያለበትን አፈር የመቋቋም ብቃታቸው ከመገምገሙ በፊት የአፈሩ ችግር በላቦራቶሪ ምርመራ ተለይቶ መታወቅ ይኖርበታል። በኢትዮጵያ የስንዴን ምርታማነት ከሚቀንሱት የአፈር ችግሮች መካከል ጨዋማነትና ኮምጣጣነት ይገኙበታል። ሁለቱም ሰብሉን የሚያቀጭጩ ቢሆኑም መንስኤያቸውም ሆነ መፍትሔያቸው የተለያየ ነው።

ጨዋማነት በይበልጥ የሚታየው ዝናብ አጠር በሆኑና በመስኖ በሚለሙ ቆላማ አካባቢዎች ሲሆን፣ የአዋሽ ሸለቆው አሚባራ ለዚህ በምሳሌነት ይጠቀሳል። ማጠንፈፊያ በሌለበት ማሳ የከርሰ ምድር ውሃ ወደ ላይ ወጥቶ ሲተን ጨው በአፈሩ ገጽ ላይ ይቀራል። በአካባቢው የሚገኘው የወረር ግብርና ምርምር ማዕከል በዚሁ ችግር ላይ ምርምር ያካሂዳል።

በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በአካባቢያቸው ያለው ሁኔታ ከዚህ የተለየ ነው። ከፍተኛው የክረምት ዝናብ ካልሲየምንና ማግኒዥየምን አጥቦ በመውሰዱ፣ እንዲሁም መሬቱ ለረጅም ዘመን በመታረሱና የሰብል ተረፈ ምርት ከማሳ በመነሳቱ፣ ቀዩ አፈር ኮምጣጣ ይሆናል። የአፈሩ ፒኤች ከ5.5 በታች ሲወርድ አሉሚኒየም ይሟሟና የሥሩን ጫፍ ይጎዳል፤ ፎስፈረስም በአፈሩ ይታሰራል። በመሆኑም አርሶ አደሩ በውድ ዋጋ የገዛው ማዳበሪያ ተገቢውን ምርት ሳያስገኝ ይቀራል። ገብስና ስንዴ አልሰጥ ባሉ ማሳዎች ላይ ግብጦ፣ እንግዶ ወይም ባሕር ዛፍ መተካቱም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። በአገር አቀፍ ደረጃ ከሚታረሰው መሬት ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው በኮምጣጣነት የተጠቃ እንደሆነ ይገመታል።

ጨውን የሚቋቋም ዝርያ ኮምጣጣ አፈርንም ይቋቋማል ማለት አይደለም። የመጀመሪያው ሶዲየም ወደ ቅጠሉ እንዳይደርስ የሚከላከል ሲሆን፣ ሁለተኛው ከሥሩ ጫፍ ማሊክ አሲድ በማመንጨት አሉሚኒየምን ያስራል። ከብራዚል የተገኙ ነባር የስንዴ ዝርያዎች በዚህ ባሕርያቸው በዓለም ይታወቃሉ።

ግምገማው በሁለት ደረጃ ይከናወናል። በቅድሚያ ችግኞች አሉሚኒየም ባለበትና በሌለበት የንጥረ ነገር ውህድ ውስጥ በቅለው የሥራቸው ርዝመት ይነጻጸራል። ቀጥሎም የተመረጡት ዝርያዎች ኖራ በተጨመረበትና ባልተጨመረበት ማሳ፣ በእኩል ማዳበሪያ፣ በተለያዩ ቦታዎችና ከአንድ በላይ በሆኑ የምርት ዘመናት ይፈተሻሉ። በአማራ ክልል ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ሥር ያለው የአዴት ማዕከል በአካባቢው የስንዴ ዝርያዎችን ከሚያጠኑት ተቋማት አንዱ ነው።

ኮምጣጣነትን መቋቋም ብቻውን ግን ዝርያውን ለሥርጭት አያበቃውም። በ2006 ዓ.ም ዲጋሉ የተባለው ዝርያ በባሌ በግንድ ዋግ መጠቃቱ፣ በሽታን የመቋቋም ብቃት አብሮ መታየት እንዳለበት ያስገነዝባል።

ተቋቋሚው ዝርያ የኖራን ፍላጎት ሊቀንስ ቢችልም ኖራን አይተካም፤ አፈሩን የሚያክመው ኖራው ነውና። በአንጻሩ ለጨዋማ አፈር የሚያስፈልገው ማጠንፈፍና በውሃ ማጠብ ሲሆን፣ ሶዲየም ለበዛበት ደግሞ ጂፕሰም ይጨመራል። ስለሆነም በየወረዳው የዘርና የግብዓት ዕቅድ ከመጽደቁ በፊት የአፈር ምርመራ ውጤት መቅረቡ የአርሶ አደሩን የአንድ ዓመት ልፋትና የመንግሥትን ወጪ ከብክነት ያድናል።